አንድ ከተማ፣ ሁለት ገበያ

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በእግሩ የሚጓዝ ነጋዴ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄደ መርካቶ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ኬላ የለበትም፤ ቀረጥ ተቀባይ አያስቆመውም፤ የሚመነዝረው የውጭ አገር ገንዘብም የለም። ሆኖም በዚህች አጭር ጉዞ ከአንዱ የንግድ ሥርዐት ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። በፒያሳ በኩል ዕቃው በመስተዋት ውስጥ ተደርድሮ ገዢውን ይጠብቃል፤ ወርቅ ሠሪው፣ ሰዓት አዳሹ፣ ልብስ ሰፊውና ቡና ቆዪው ደንበኛውን በስሙ ያውቀዋል፤ ሽያጩም በግራምና በአንድ በአንድ ነው። በመርካቶ በኩል ደግሞ ዕቃው በጆንያ፣ በጥቅልና በካርቶን ይንቀሳቀሳል፤ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሳይባል የሚዘጋ ሒሳብ የለም፤ ነጋዴውም እንደ ዕቃው ዐይነት በሸማ ተራ፣ በበርበሬ ተራ፣ በምናለሽ ተራ እየተባለ በየወገኑ ተቀምጦ ይነግዳል።

ይህን ልዩነት ብዙ ሰዎች ከነጋዴው ጠባይ የመጣ አድርገው ይመለከቱታል። የፒያሳው ነጋዴ የሠለጠነ፣ የመርካቶው ነጋዴ ግን ብልጥ ነው ይባላል፤ ወይም በተቃራኒው የፒያሳው ነጋዴ ጌጥ ብቻ ነው፣ እውነተኛው ነጋዴ ያለው በመርካቶ ነው ይባላል። ሁለቱም አነጋገሮች የነገሩን ሥር አይነኩም። አንዱን ገበያ ለሁለት የከፈለው የነጋዴው ጠባይ ሳይሆን የመንግሥት ውሳኔ ነበርና፤ ያም ውሳኔ የወራሪ መንግሥት ውሳኔ ነበረ። ዛሬ የአራዳ ሰፈር እንደገና በሚሠራበት ጊዜ ይህን ታሪክ ማስታወስ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለሱቁም ጥቅም አለው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማው ገበያ የቆመው በአራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። ዋናው የገበያ ቀን ቅዳሜ ነበረ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ቡናው፣ ቆዳው፣ ሰሙ፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ወደዚያ ይመጣል፤ ከባሕር ማዶ የመጣው አቡጀዲና ልዩ ልዩ ዕቃም ከዚያው ይበተናል። አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በአንድ ሜዳ ላይ ይመነዘሩ ነበር። ነጋድራሱ በዚያው ተቀምጦ ቀረጥ ያስከፍላል፤ በነጋዴዎች መካከል የተነሣውን ክርክርም ይዳኛል። የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች በተሾሙ ጊዜ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆናቸው በዚያን ዘመን የአራዳ ገበያ በመንግሥቱ ሥራ ውስጥ ምን ያህል ከፍ ያለ ስፍራ እንደ ነበረው ያሳያል። የአቢሲንያ ባንክም በ1898 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና የየመኑ ዐረብ በአራዳ ዙሪያ የሚያንቀሳቅሱት ንግድ እየበዛ ሄደ።

የዚህ ገበያ ዋና ጠባዩ አንድ ገበያ መሆኑ ነው። ትልቁ አስመጪና በቁና የምትሸጠው ባልቴት የሚገናኙት በአንድ ሜዳ ነበር። ከሸዋ ገጠር ማር ይዞ የመጣ ገበሬ ማሩን ሸጦ በዚያው ቀን፣ በዚያው ስፍራ ከሕንዱ ሱቅ አቡጀዲ ገዝቶ ይመለሳል። ላኪውም የቆዳውን ዋጋ ከአቅራቢው አፍ ይሰማል። «አራዳ» የሚለው ቃል ከሰፈር ስምነት አልፎ ነገር የገባው፣ ዐይኑ የተከፈተ ሰው መጠሪያ ለመሆን የበቃው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ገበያ ያደገ ልጅ ሁሉን ዐይነት ሰው ያውቅ ነበርና።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ያገኘው ገበያ ይህ ነበር። የፋሽስቱ መንግሥት ለከተማዋ ያወጣው ፕላን ግን በአንድ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነበረ፤ ይኸውም ነጭና ጥቁር በአንድ ሰፈር እንዳይኖር፣ በአንድ ገበያም እንዳይገበያይ የሚል ነው። በዚህም መሠረት አራዳ ለኤውሮፓውያን ተለየና አደባባይ ተባለ፤ የአገሬው ሰው ገበያ ደግሞ ከጊዮርጊስ ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ስሙም በእነርሱ ቋንቋ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለት የአገሬው ገበያ ተባለ። ፒያሳም መርካቶም ከዚያው ዘመን የቀሩ ቃላት ናቸው፤ አንዱ አደባባይ፣ ሁለተኛው ገበያ ማለት ነው። ካዛንችስና ፖፖላሬም እንዲሁ ለኢጣልያ ሠራተኞች ከታቀዱት ቤቶች ስም የመጡ ናቸው። የአዲስ አበባ ሰው የጠላትን ካርታ አፍርሶ ስሞቹን ግን በአፉ ይዞ ቀርቷል።

የተከፈለው ቦታ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ በአራዳ የነገዱት የውጭ አገር ነጋዴዎች ቦታቸውን ለኢጣልያ ኩባንያዎች እንዲለቁ ተደረገ፤ ከሁሉ የሚበልጠው የሕንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያም በወረራው ዘመን ከአገር ተባረረ። ከውጭ ዕቃ ለማስገባት የሚያስፈልገው ፈቃድና የውጭ ምንዛሪ በገዢው መንግሥት እጅ ሆነ። በገንዘብም በኩል መንግሥቱ የወረቀቱን ሊሬ በግድ ለማስለመድ ሞከረ፤ ገበሬውና የአገሬው ነጋዴ ግን ጠገራ ብሩን እየቀበረ ወረቀቱን ገፋው። ሙሶሊኒ ራሱ የማርያ ቴሬዛን ብር መምቻ ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮም ሲያስመታ የነበረ መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ለፈገግታ የሚያበቃ ነው፤ ወረቀቱን ያመጣው መንግሥት ራሱ ያለ ጠገራው ቡና መግዛት አልቻለም ነበር። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ገንዘብ፣ ሁለት ዋጋና ሁለት ገበያ ሆነ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ሲመለሱ የመለያየቱ ሕግ በዚያው ወደቀ። ጥቂት ዘመን የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ ከተሠራበት በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ ገንዘቡም አንድ ሆነ። በ1939 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ሲቋቋም የሁለቱም ሰፈሮች ነጋዴ በአንድ መዝገብ ሊጻፍ ቻለ። እንግዲህ ገበያው ወደ ጥንተ ቦታው ተመልሶ አንድ መሆን ነበረበት የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን አልተመለሰም።

ምክንያቱን ለመረዳት የመርካቶን ዕድል መመርመር ያስፈልጋል። ከአራዳ የተነቀለው ነጋዴ ግንቡን፣ አደባባዩንና የባንኩን ደጅ አጥቷል። የገጠሩ ደንበኛ ግን ከእርሱ ጋር ሄዷል። ማሩን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውንና እህሉን ይዞ የሚመጣው ሰው ከእንግዲህ ወዲህ የሚያራግፈው በመርካቶ ሆነ፤ ሲመለስም የሚጭነው ከዚያው ነው። በሺህ የሚቆጠር አነስተኛ ነጋዴ፣ በተለይም የጉራጌው ተወላጅ፣ ከጉልት ተነሥቶ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅም ወደ ጅምላ ያደገው ዕቁብን ባንክ፣ የዘመድን ቃል ዋስትና አድርጎ ነው። ፒያሳ የቀሩለት ግንቡና መስተዋቱ፣ ሲኒማ ቤቱና ኬክ ቤቱ፣ የከተማውም ባለደመወዝ ደንበኛ ነበር። በጊዜ ብዛትም የፒያሳው ባለሱቅ መስተዋቱን የሚያስጌጥበትን ዕቃ ከመርካቶ ጅምላ ነጋዴ የሚወስድ ሆነ። ወራሪው ዝቅ ለማድረግ ብሎ የለየው ገበያ የአገሩ ሁሉ መጋዘን ሆነ፤ ከፍ ለማድረግ ብሎ ለራሱ የያዘው ደግሞ የእርሱ ቸርቻሪ ሆነ።

ይህ የአዲስ አበባ ብቻ ልዩ ታሪክ እንዳይመስል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ቆጵሮስ ብሎ የሚጠራትን፣ ዛሬ ሳይፕረስ የምትባለውን ደሴት መመልከት ይጠቅማል። (ስለ እርሷ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቆጵሮስ በ1960 ከእንግሊዝ ነጻ ወጣች። በ1963 መጨረሻ በግሪክና በቱርክ ተወላጆች መካከል ግጭት በተነሣ ጊዜ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል በዋና ከተማይቱ በኒቆስያ ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ መሥመር አሰመረ፤ መሥመሩም እስከ ዛሬ አረንጓዴው መሥመር ይባላል። ሐምሌ ወር 1974 የቱርክ ጦር በደሴቲቱ ላይ ከወረደ በኋላ መሥመሩ ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። ከደሴቲቱ ምድር ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው በሰሜኑ ወገን ቀረ።

ለነጋዴ የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በክፍፍሉ ቀን ሀብቱ ያመዘነው በሰሜኑ በኩል ነበረ። የደሴቲቱን አብዛኛውን ጭነት የሚያስተናግደው የፋማጉስታ ወደብ፣ የሞርፉ የብርቱካንና የሎሚ እርሻ፣ የቫሮሻና የኪሬንያ ሆቴሎች ሁሉ በሰሜን ቀሩ። ደቡቡ የወረሰው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛና የተዘጋ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ሆኖም ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ደቡቡ የሊማሶልን ወደብ አሳድጎ፣ በላርናካ አዲስ የአውሮፕላን ማረፊያ ከፍቶ፣ በመርከብ ምዝገባ፣ በባንክ ሥራና በቱሪዝም ከሰሜኑ እጅግ በልጦ ሄደ። ሰሜኑ በ1983 ራሱን መንግሥት ብሎ ቢያውጅም ከቱርክ በቀር ያወቀው አገር የለም። ወደብ አለው፤ ወደቡን ግን ዓለም ሕጋዊ አይለውም። የአውሮፕላን ማረፊያ አለው፤ መንገደኛውም ጭነቱም ግን በቱርክ በኩል ካልሆነ አይደርስም።

ከዚህም ሁሉ የላኪዎችን ልብ የሚነካው የ1994ቱ ነገር ነው። በዚያ ዓመት የኤውሮፓው ፍርድ ቤት ከሰሜን ቆጵሮስ የሚመጣ ብርቱካንና ድንች የታወቀው የቆጵሮስ መንግሥት የሰጠው የምስክር ወረቀት ከሌለው ወደ ኤውሮፓ ገበያ መግባት እንዳይችል ወሰነ። ብርቱካኑ ትናንት የነበረው ብርቱካን ነው፤ ዛፉም መሬቱም ውኃውም አልተለወጠም። የተለወጠው ማኅተሙ ነው። ያ የአትክልት ንግድ ከዚያ አስቀድሞ በ1990 ዋና ላኪው የፖሊ ፔክ ኩባንያ ሲወድቅ ተጎድቶ ነበርና በዚህ ፍርድ ይብሱን ተዳከመ።

መፍትሔውም በከፊል የመጣው በወረቀት ነው። በ2004 ቆጵሮስ ወደ ኤውሮፓ ኅብረት ስትገባ ደሴቲቱን አንድ ለማድረግ የቀረበው ሐሳብ በሕዝብ ድምፅ ወደቀ፤ ከቱርክ ተወላጆች ከመቶ 65 ያህሉ ተቀበሉት፣ ከግሪክ ተወላጆች ከመቶ 76 ያህሉ አልተቀበሉትም። ኅብረቱ ግን በዚያው ዓመት በሰሜን የተመረተ ዕቃ በአረንጓዴው መሥመር ተሻግሮ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። ከዕቃው ጋር የሚሄደውን ሰነድ የመስጠት ሥልጣን የተሰጠውም የማንም መንግሥት ለማይለው አካል፣ ለቱርክ ቆጵሮሳውያን ንግድ ምክር ቤት ነው። ሁለት መንግሥታት ሊነጋገሩ ባልቻሉበት ስፍራ የነጋዴዎች ማኅበር ማኅተም ድንበር ተሻጋሪ ሆነ። ንግዱ ከደሴቲቱ ጠቅላላ ንግድ ጋር ሲመዛዘን አሁንም አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን አለ።

በኒቆስያ መካከል ያለችው የሌድራ መንገድ፣ ማለት የከተማይቱ ዋና የሱቅ መንገድ፣ ለብዙ ዓመታት በግንብ ተቆርጣ ከቆየች በኋላ ሚያዝያ ወር 2008 ተከፈተች። ዛሬ ገዢው በዩሮ ከሚሸጥበት ሱቅ ወጥቶ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ በቱርክ ሊሬ ወደሚሸጥበት ሱቅ ይገባል። በ2021 እና በ2022 የቱርክ ሊሬ ዋጋው ሲወርድ የደቡቡ ሰው ወደ ሰሜን እየተሻገረ ቤንዚን ይቀዳ ነበር። ደቡቡም ቢሆን ዕውቅናው ከሁሉ አላዳነውም፤ በ2013 ባንኮቹ ሲናወጡ ሁለተኛው ትልቅ ባንክ ተዘጋ፣ በትልቁም ባንክ ከ100,000 ዩሮ በላይ ያስቀመጡ ደንበኞች ከገንዘባቸው ብዙውን አጡ።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ማስተያየት ይቻላል። በቆጵሮስ ወደብና እርሻ ያጣው ወገን በለጠ፤ የታወቀ ወረቀትና ከዓለም ጋር ያለው ግንኙነት በእጁ ቀርቶ ነበርና። በአዲስ አበባ ግንብና አደባባይ ያጣው ወገን በለጠ፤ ደንበኛውና የዕቁብ ማኅበሩ ከእርሱ ጋር ሄደው ነበርና። በሁለቱም ስፍራ የወሰነው ያልታየው ሀብት ነው። ፕላን የሚነድፍ መሐንዲስ ግንቡን ይለካል፣ መንገዱን ይለካል፤ የደንበኛን መንገድ ግን የሚለካበት ገመድ የለውም።

በአዲስ አበባ ሌላ አንድ ጊዜ ይህ ያልታየ ሀብት ተነክቷል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ሆኑ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የግል ነጋዴ ካፒታል ለችርቻሮ በ200,000 ብር፣ ለጅምላ በ300,000 ብር ተወሰነ። ይህ ሕግ ትልቁን ነጋዴ አሽመድምዷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ በፒያሳ ያልታሰበ ውጤት ነበረው። ኪራዩ ዝቅ ብሎ በመቆየቱ ሰዓት አዳሹ፣ ብርና ወርቅ ሠሪው፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ ኮፍያ ሰፊው፣ በገበያ ኪራይ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት የማይቆዩበትን ስፍራ ይዘው ለዘመናት ኖሩ። የዚያኑ ያህል ቤቶቹን የሚጠግን ባለቤት አልነበረምና ጣሪያው አፈሰሰ፣ እንጨቱ በሰበሰ፤ በመብራት ሽቦና በአሮጌ ወለል የተነሣ እሳትም አልጠፋም። በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው አሮጌው ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. መቃጠሉ የሚዘነጋ አይደለም። ፒያሳ እንደ ነበረ ይቆይ ነበር የሚል ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ በዚያው ሰሞን የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች መፍረስ ጀመሩ። ነዋሪዎቹ በብዛት ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ፣ የእግር መንገዱ ጸዳ። ይህ መልካም ነው፤ ንጹሕ መንገድ ለንግድ ጠላት ሆኖ አያውቅም። ጥያቄው በሰፊው መንገድ ዳር የሚቆመው ሕንጻ ሲያልቅ በምድር ቤቱ ሱቅ የሚከፍተው ማን ነው የሚል ነው።

መልሱ ለኪራዩ ብቻ ከተተወ ውጤቱ አስቀድሞ ይታወቃል። በምድር ቤቱ ባንክና ትልቅ ምግብ ቤት ይገባሉ፤ በየግራሙ የሚሸጠው ወርቅ ሠሪና በየመርፌው የሚሠራው ሰዓት አዳሽ አይገቡም። ያን ጊዜ ከተማው እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው የሚታይ ከተማ፣ ሁለተኛው የሚሸጥበት ከተማ ይሆናል። ይህ ልዩነት በዘር ሕግ የመጣ ባይሆንም ለነጋዴው የሚያስከትለው ኪሳራ ከፊተኛው ብዙ አይለይም። በ1930ዎቹ ዓመታት የተነቀለው ነጋዴ ግን አንድ ዕድል ነበረው፤ ሁሉም በአንድነት ወደ አንድ ስፍራ ሄዶ ነበርና ደንበኛው ሊያገኘው ቻለ። ዛሬ የሚነሣው ባለሱቅ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ ተበትኖ የሚሄድ ከሆነ ይህች ዕድል እንኳ አትኖረውም።

በአንድነት የመዛወርን ጥቅምና ጉዳት በቅርቡ ያሳየው አትክልት ተራ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃን ሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ቦታው ሩቅ ነው፤ ቸርቻሪው የሚከፍለው የመጫኛ ዋጋ ጨምሯል፤ ይህም ጭማሪ በሽንኩርቱና በቲማቲሙ ዋጋ ላይ ተቆጥሮ እመቤቲቱ ዘንቢል ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ጅምላ ነጋዴዎቹ ባንድነት በመዛወራቸው ገዢው የት እንደሚያገኛቸው ያውቃል፤ ገበያውም ተራቀ እንጂ አልሞተም።

በፒያሳና በመርካቶ መካከል ዛሬም ያልወደቀ አንድ መሥመር አለ፤ እርሱም የደረሰኝ መሥመር ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ባለመስተዋቱ ቸርቻሪ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ደረሰኝ መቁረጥ ይገባዋል። ዕቃውን ያመጣበት ጅምላ ነጋዴ ግን ደረሰኝ ያልሰጠው ወይም የተቀነሰ ዋጋ የጻፈለት እንደ ሆነ የግዢው ወጪ በግብር ሰብሳቢው ዘንድ አይታወቅለትም፤ ያላገኘውን ትርፍ አግኝተሃል ተብሎ ይከፍላል። ጅምላ ነጋዴውም በበኩሉ ከአስመጪው ትክክለኛ ደረሰኝ አላገኘሁም ይላል፤ አስመጪው ደግሞ የውጭ ምንዛሪውን ያገኘሁበትን ዋጋ ልጽፈው አልችልም ሲል ኖሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይህን የመጨረሻውን ምክንያት ብዙ አቅልሎታል። ስለዚህ የቆጵሮሱ ብርቱካን ነገር በአራዳም አለ፤ ዕቃው ያው ዕቃ ነው፣ ወረቀቱ ግን መሥመሩን አይሻገርም።

እንግዲህ ከንግድ ምክር ቤቱ ምን ይጠበቃል? በመጀመሪያ ሱቆችን መመዝገብ ነው። በአራዳ ክፍለ ከተማ የተነሡትንና ለመነሣት ስማቸው የተጻፈውን ሱቆች በሙያቸው፣ በዕድሜያቸው፣ ዕቃ በሚያመጡባቸው ነጋዴዎችና በሠራተኞቻቸው ቁጥር መዝግቦ መያዝ ይገባዋል። የቤት ስፋትና የግንብ ዋጋ በከተማው አስተዳደር ይለካል፤ የንግዱን ዋጋ የሚለካ ሌላ ማንም የለም። ሁለተኛውም የምትክ ቦታ ነገር ነው፤ አንድ ዐይነት ሙያ ያላቸው በአንድነት እንዲመደቡ፣ ወርቅ ቤቱ ከወርቅ ቤት ጋር፣ ሰፊው ከሰፊ ጋር እንዲሆን ለአስተዳደሩ ማመልከት ነው። መርካቶ በተራ የተከፈለበት ጥበብ ይህ ነው፤ ገዢው ዋጋ ለማስተያየት ሲል ይመጣል፣ በመጣም ጊዜ ይገዛል።

ስለ ጊዜውም ቢሆን ሊነገር የሚገባው አለ። ዕቃ ከውጭ አገር ያዘዘ አስመጪ የባንኩን ሰነድ ከከፈተበት ቀን አንሥቶ ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ መጋዘኑ እስኪገባ ወራት ይቆጥራል። በጥቂት ቀን ማስጠንቀቂያ ሱቁን እንዲለቅ የሚታዘዝ ሰው ዕቃው በባሕር ላይ ሳለ የሚያራግፍበት ስፍራ ያጣል። ማስጠንቀቂያው ከዕቃ ማዘዣው ዘመን እንዳያንስ መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። በአዲሶቹም ሕንጻዎች ምድር ቤት የተወሰነው ክፍል በትናንሽ ሱቅ መጠን እንዲከፈልና ለቀድሞው ነጋዴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪራዩ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ቢደረግ ባለሕንጻው የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ገዢ የሚመጣው ሱቅ ባለበት መንገድ ነውና።

ደረሰኙን በሚመለከት ደግሞ ምክር ቤቱ ሁለቱንም ወገን በአባልነት የያዘ ስለሆነ የመርካቶውን ጅምላ ነጋዴና የፒያሳውን ቸርቻሪ በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ፣ የዕቃ ማስተላለፊያ ሰነዱን መልክ አስማምቶ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይችላል። በቆጵሮስ የሚጠላሉ ወገኖች ያደረጉት በአዲስ አበባ አብረው ዕቁብ ለሚጥሉ ሰዎች የሚከብድ ሊሆን አይገባም።

ምዝገባው ገና ባልተነኩት መንገዶች ላይ ካሉት ሱቆች ቢጀመር ሥራው ይቀላል። አስቀድሞ የተነሡት ነጋዴዎች አድራሻ ግን በየቀኑ እየጠፋ ስለሚሄድ፣ እነርሱን በያሉበት ፈልጎ የሚጽፍ ሰው በዚህ ሳምንት መላክ ይኖርበታል።